ቶድሞርደንን በሦስት ሰዓት ላዩ ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ወገናችን በሰሜን እንግሊዝ ስላለችው ስለ ቶድሞርደን ከተማ የጻፉትን አነበብኩ። ከማንቸስተር ወደ ሊድስ ሲጓዙ ባቡራቸው ተበላሽቶ በከተማዋ ሦስት ሰዓት ያህል ቆይተዋል፤ የጻፉትም ያንን ነው። ያላነበበው ሰው እንዲከተለኝ ያሉትን ባጭሩ ላስቀምጥ። ቶድሞርደን ጉድጓድ ውስጥ የተወተፈች፣ ዝናብ የማይለያት፣ ቤቶቿ ከሰል የተቀቡ የሚመስሉ ከተማ ናት ይላሉ። ኮረብታዎቿ ባዶ ናቸው፤ ከፍጥረት ጀምሮ የሰው እጅ አልነካቸውም። ሕዝቡ ቀዝቃዛ ነው፤ ሰላምታ እንኳ ይሰስታል። ፋብሪካዎቹ ሲዘጉ ከተማዋም አብራ ሞታለች፣ የየትኛው አውራጃ እንደሆነች አታውቅም፣ መንገድ ዳር ጎመን መትከሏም የችግሯ ምልክት ነው። ኮረብታው ላይ ያለው ሐውልት የጦርነት ትዕቢት ነው። በመጨረሻም፣ እዚህ ቦታ እኛን ኢትዮጵያውያንን የሚመለከት አንዳች ነገር የለም ብለው ይዘጋሉ።

እኔ በዚህች ከተማ ስኖር 11 ዓመቴ ነው። እንጀራዬ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞርኩ መንከባከብ ነው፤ ስለዚህ ከሸለቆው ወለል እስከ ኮረብታው ድረስ ብዙ ቤት ገብቼ ወጥቻለሁ። ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም፤ በክፋት ጻፉም አልልም። ነገር ግን ጽሑፉን ያነበቡ ዘመዶቼ ደውለው «ምነው እንዲህ ያለ ቦታ ቀረሽ?» ሲሉኝ ዝም ማለት አቃተኝ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በዝናቡ እንስማማለን። ከአትላንቲክ ውቅያኖስ የሚመጣውን ደመና ፔናይንስ የተባለው የተራራ ሰንሰለት ያግደዋል፤ ደመናው ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዝና እኛው ላይ ይራገፋል። ካፊያው አለ፣ ዶፉ አለ፣ ከነፋስ ጋር ከጎን የሚመጣ ጃንጥላ የማያግደውም አለ። ጸሐፊው ግን ዝናቡን አማርረው አለፉ እንጂ ምን እንደሠራ አልጠየቁም። እዚህ ያለው አለት አሸዋማ ስለሆነ ውሃው ኖራ የለበትም። ለስላሳ ነው፤ ሳሙና በትንሹ አረፋ ያወጣበታል። የበግ ፀጉር ለማጠብና ለማቅለም የሚፈለገው እንዲህ ያለ ውሃ ነው። ከየገደሉ የሚወርደው ወንዝ ደግሞ ቁልቁለቱ ኃይለኛ በመሆኑ የውሃ መንኮራኩር ያዞራል። ይህ ዝናብ ባይኖር ቶድሞርደን የምትባል ከተማ አትኖርም ነበር።

ወደ ኮረብታዎቹ ልለፍ። ጸሐፊው ከሁሉ በላይ የተሳሳቱት እዚህ ይመስለኛል። ሙር ይሉታል፤ ዛፍ የሌለበት፣ ሲረግጡት ከእግር ሥር እንደ ፍራሽ የሚሰምጥ እርጥብ ደጋ ነው። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት እዚህ ደን ነበረ። የጥንት ሰዎች ለአደንና ለግጦሽ ሲመነጥሩትና ሲያቃጥሉት፣ አየሩም እየረጠበ ሲሄድ ደኑ ተመናመነ። በቦታው ሣሩና ቅጠሉ ውሃ ውስጥ ተዘፍቆ፣ በቅጡ ሳይበሰብስ፣ በላይ በላዩ እየተነባበረ ፒት የሚሉት ጥቁር አፈር ሆነ። ፒት በዓመት የሚያድገው አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። አንድ ሜትር ጥልቀት ባለው ፒት ላይ የቆመ ሰው የሺህ ዓመት ክምችት ረግጧል።

ከዚያም በኋላ ሰው እጁን አላነሳም። ወሰኑን የሚያሳየው የድንጋይ ካብ ያለ ጭቃ፣ ያለ ሲሚንቶ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተመረጠ የተካበ ነው። በጎቹ ችግኝ ብቅ ሲል ይግጡታል። ግራውስ የሚባለውን ቆቅ መሰል ወፍ የሚያድኑ ባለ ርስቶችም አሉ፤ የአደኑ ወቅት በየዓመቱ ኦገስት 12 ይከፈታል። ወፉ የሚበላው ለጋ ቀንበጥ እንዲያቆጠቁጥ ብለው ሄዘር የተባለውን ቁጥቋጦ በተራ በተራ ሲያቃጥሉት ኖረዋል። ሄዘር የእኛ የአስታ ዘመድ ነው። ሰሜን ተራራ ወይም ባሌ ወጥቶ አስታ ውስጥ ያለፈ ሰው ቅጠሉን አይቶ ይጠረጥራል፤ እዚህ ያለው ግን ከጉልበት አያልፍም። ጸሐፊው የመጡት በክረምታቸው፣ ሁሉ ነገር ቡናማ በሆነበት ወር ነው። ኦገስት ላይ ቢመጡ ኮረብታው ሐምራዊ ሆኖ ያገኙት ነበር። በግንቦትና በሰኔ መካከል ደግሞ የጥጥ ሣር የሚሉት ነጭ ጫፉን አውጥቶ ሜዳውን ሁሉ የተባዘተ ጥጥ የተበተነበት ያስመስለዋል፤ ከርሉ የተባለችው መንቁረ ረጅም ወፍም በዚያ ላይ እየዞረች ስትጮኽ ከሩቅ ትሰማለች።

የፋብሪካዎቹ ጭስም ኮረብታውን ነክቶታል። ከማንቸስተርና ከአካባቢው ጭስ ማውጫዎች የወጣው አሲድ ከዝናቡ ጋር እየወረደ ስፋግነም የተባለውን ተክል ፈጀው። ስፋግነም እንደ ስፖንጅ ውሃ ጠጥቶ የሚይዝ ለምለም ነገር ነው፤ እሱ ሲጠፋ ፒቱ ተራቁቶ መታጠብ ጀመረ፣ ውሃውም ኮረብታው ላይ መቆየቱን ትቶ ወደ ሸለቆው ይጣደፍ ጀመር። ዛሬ በየሳምንቱ መጨረሻ ቦት ጫማ አድርገው ስፋግነም በእጃቸው የሚተክሉ፣ በየገደሉ ችግኝ የሚያጸድቁ፣ በጅረቱ ላይ ግንድ አጋድመው ውሃውን የሚያዘገዩ ሰዎች አሉ። ጸሐፊው ባዶ ያሉት መሬት ይህ ነው።

ደግሞ በዚያ ሁሉ ነቀፋ መካከል አንድ ነገር አድንቀዋል። ካፌ ውስጥ አንድ ሰው በስልኩ ያሳያቸውን፣ ኮረብታው ጫፍ ላይ ያለ፣ አሸዋማ ዳርቻ ያለው ሐይቅ የተፈጥሮ ስጦታ ብለውታል። ጋዲንግስ ነው ስሙ፤ ግድብ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የፋብሪካ ባለቤቶች ለፋብሪካቸው ውሃ እንዲጠራቀም ያሠሩት ነው። አሸዋውም አለቱ በማዕበልና በውርጭ ተፍረክርኮ የወጣ ነው። ግድቡ አገልግሎቱን ጨርሶ ውሃው ሊለቀቅ ሲል የአካባቢው ሰዎች ተሰባስበው ገዙት። ዛሬ በበጋ ልጆች ይዋኙበታል።

የጥቁሩን ቤት ጉዳይ በአንድ ድንጋይ እመልሳለሁ። አምና የጎረቤቴ አጥር ተንዶ ግንበኛ መጥቶ ነበር። ከፍርስራሹ አንዱን ድንጋይ አንስቶ በመሮው መታ መታ አደረገና ለሁለት ከፈለው። ላዩ እንደ ምጣድ ቂጥ ጥቁር፣ ውስጡ ግን የማር ቀለም ነበር። ጣቴን ባሳርፍበት የሚያብለጨልጭ የአሸዋ ቅንጣት ተከተለኝ። ያ ጥቁረት ቀለም አይደለም፤ የመቶ ሃምሳ ዓመት ጥቀርሻ ነው። የ1956ቱ የንጹሕ አየር ሕግ ከወጣ በኋላ ጭሱ ቀስ በቀስ ቀረ፤ አንዳንዱ ሕንፃ ታጥቦ ወደ ቀድሞ መልኩ ተመለሰ፣ አብዛኛው ቤት ግን እንዳለ ነው። እኔ በበኩሌ ባይታጠብ እመርጣለሁ። በዚያ ጭስ ሥር የኖረ ሰው ሳንባ ምን እንደሚመስል በሥራዬ አያለሁና ግድግዳው ባይረሳው ደስ ይለኛል።

አሁን ጉድጓድ ወደተባለው ልምጣ። ከተማዋ ሦስት ሸለቆዎች በሚገናኙበት ቦታ ላይ ናት፤ አንዱ ወደ በርንሊ፣ አንዱ ወደ ሮችዴል፣ አንዱ በሄብደን ብሪጅ በኩል ወደ ሃሊፋክስ ይወስዳል። ግራ ቀኙ ገደል ነው፤ በክረምት ፀሐይ ሳትታይ የምትውልባቸው መንደሮች አሉ። ይህን አልክድም። ግን ሰው ለምን እዚያ ገባ?

መልሱን ለማየት ወደ ላይ መውጣት ያስፈልጋል። ከሸለቆው ወለል መቶ ሜትር ያህል ከፍ ሲሉ ገደሉ ያበቃና እንደ መደርደሪያ የተዘረጋ ሜዳማ መሬት ይጀምራል፤ ከሱ በላይ እንደገና ኮረብታው ይነሳል። ድሮ ሕዝቡ የሚኖረው በዚያ መደርደሪያ ላይ ነበር። ሸለቆው ደንና ረግረግ ስለነበር ደህና መንገድ አልነበረበትም። እንደኛ ደገኛ ሁሉ እነሱም የሰፈሩት ከፍታው ላይ ነው። ማንኪንሆልስ የሚባል መንደር እስካሁን አለ፤ በመንደሩ መንገድ ዳር በተርታ የተደረደሩ የድንጋይ ገንዳዎች ይታያሉ። ጨው፣ ሱፍና ጨርቅ የጫኑ ፈረሶች ተሰልፈው ይጠጡባቸው የነበሩ ናቸው። ከገንዳዎቹ ተነስቶ ወደ ሙሩ የሚወጣው መንገድ መሐሉ በጠፍጣፋ ድንጋይ የተነጠፈ ነው፤ ድንጋዩ በኮቴ ብዛት ጎድጉዷል። የሲራራ ነጋዴን ታሪክ ለሚያውቅ ያገራችን ሰው ይህ መንገድ ማብራሪያ አያሻውም።

እዚያ ያለው ገበሬ መሬቱ ጠፍ ስለሆነ በእርሻ ብቻ አይኖርም ነበር። ጥቂት ላም፣ ጥቂት አጃ፣ የቀረው ሽመና ነው። ቤቶቹን ልብ ብሎ ያየ ይረዳዋል፤ ፎቁ ላይ በቀጭን የድንጋይ ምሰሶ የተከፋፈሉ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት መስኮቶች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ለጌጥ አይደለም። የሸማኔው ዕቃ የተተከለው እዚያ ስለሆነ፣ ድርና ማጉ እንዲታየው ብርሃን ያስፈልገዋል። ሴቶቹና ልጆቹ ይፈትላሉ፣ አባወራው ይሸምናል፣ ጨርቁ ሲደርስ ሃሊፋክስ ገበያ ይወርዳል። በ1779 ሃሊፋክስ ውስጥ ለዚህ ንግድ ተብሎ 315 ክፍል ያለው የጨርቅ ገበያ ተሠርቷል፤ ሕንፃው ዛሬም ቆሟል። ላሙም ሰውም በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በረቱ ከመኖሪያው ጋር የተያያዘበት ቤትም የዚህ አካባቢ መለያ ነው።

ከዚያ ማሽኑ መጣ። መንኮራኩሩ የሚዞረው ወንዙ በሚወርድበት ቦታ ነውና ፋብሪካው ታች ተሠራ። በ1804 የሮችዴል ቦይ ተጠናቆ ጀልባ በ92 የውሃ በሮች እየወጣና እየወረደ ተራራውን መሻገር ጀመረ። በ1841 ባቡሩ ገባ። ጸሐፊው ጨለማው አላልቅ አለኝ ያሉት ዋሻ ርዝመቱ 2.6 ኪሎ ሜትር ሲሆን በተከፈተበት ጊዜ በዓለም ረጅሙ የባቡር ዋሻ ነበር፤ ጆርጅ ስቲቨንሰን የመራው ሥራ ነው። ሥራው ታች ሲሆን ሕዝቡም ተከትሎ ወረደ። ወንዝ፣ መንገድ፣ ቦይ፣ ባቡር፣ ፋብሪካና ቤት በአንድ ጠባብ ሸለቆ ወለል ላይ ተደራርበው የተቀመጡት ለዚህ ነው። ከተማዋ ተወትፋ አይደለም የተፈጠረችው፤ ከደጋ ወደ ቆላ የወረደ ሕዝብ ሠራት። ጸሐፊው ሦስቱን ሰዓት ጣቢያው አጠገብ ከሚቀመጡ አንዱን ሰዓት ዳገቱን ወጥተው ቢሆን፣ የላይኛውን መንደር አይተው ሌላ ጽሑፍ ይጽፉ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሕዝቡ ቀዝቃዛ ነው ስላሉት። ቃል እንደማያበዙ እውነት ነው። ሰው ሲገናኝ «ናው ዜን» ይላል፤ ቃል በቃል «አሁን፣ ከዚያ» ማለት ነው፣ ሌላ ነገር የለበትም። መጀመሪያ ሰሞን ሰው የተቆጣኝ ይመስለኝ ነበር። በኋላ እንደገባኝ እንደምን ዋልክም፣ አለህ ወይም፣ ምን ተገኘም በዚያች ውስጥ አሉ። ደግሞ የአውቶቡስ ሾፌሩም፣ ገበያ ውስጥ አይብ የምትሸጠውም፣ ሐኪም ቤት የምትመዘግበውም የማያውቁትን ሰው «ሎቭ» ነው የሚሉት፤ ፍቅሬ እንደማለት። ቀዝቃዛ ሕዝብ መንገደኛውን ሁሉ ፍቅሬ ይላል?

የምንከባከባቸው አንዲት ሴት አሉ፤ ዕድሜያቸው ከ85 አልፏል። በ15 ዓመታቸው የጥጥ ፋብሪካ ገብተው ሸምነዋል። የሽመናው አዳራሽ ጩኸት ጆሯቸውን ገና በወጣትነታቸው ወሰደው። እዚያ ውስጥ በድምፅ መነጋገር አይቻልም ነበርና ሸማኔዎቹ ከንፈራቸውን እያጎሉ፣ ፊታቸውን እያንቀሳቀሱ ያለ ድምፅ ያወሩ ነበር፤ «ሚ ሞ» ይሉታል። እሳቸው ዛሬም በመስኮታቸው ቁጭ ብለው ከመንገድ ማዶ ካለች ጓደኛቸው ጋር አንዲት ቃል ሳይወጣቸው የሰፈሩን ወሬ ሁሉ ያደርሳሉ፣ ይቀበላሉ። ጸሐፊው በዚያ መንገድ ቢያልፉ ሁለት ዝምተኛ አሮጊቶች ነበር የሚያዩት።

በአንድ የገና ሰሞን ነጠላ ለብሼ ቤታቸው ገባሁ። ሰላም እንኳ ሳይሉኝ ጫፉን ያዙት። ወደ መስኮቱ ብርሃን ወስደው ጥለቱን ገለበጡና ጀርባውን አዩ። ከዚያ ከመሳቢያቸው የምትታጠፍ ትንሽ የናስ አጉሊ መነጽር አወጡ፤ ክር መቁጠሪያ ናት፣ ከፋብሪካው ሲወጡ ይዘዋት የቀሩ። ነጠላው ላይ አስቀምጠው ዓይናቸውን አስጠጉና በጥፍራቸው ክር በክር ይቆጥሩ ጀመር። ጨርሰው ቀና ሲሉ «በእጅ ነው» አሉኝ፤ «ማነው የሠራው?» ሽሮ ሜዳ ያለ ሸማኔ ነው ብዬ በወረቀት ጻፍኩላቸው። ዳሩን በጣታቸው ሲዳብሱ ቆይተው፣ ሰውየው ዳሩን ቀጥ አድርጎ ይዟል፣ ጎበዝ ነው ብለሽ ንገሪልኝ አሉ። እኔ ሰውየውን አላውቀውም። ግን ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት፤ እናቴም ሄዳ ነገረችው።

ከተማዋ ከፋብሪካዎቹ ጋር ሞታለች ስለተባለው ረጅም መልስ አለኝ። በመጀመሪያ ግን ጸሐፊው ያነሱትን አንድ እውነት ልቀበል። እዚህ የተፈተለው ጥጥ ብዙው የመጣው በአሜሪካ ደቡብ ባሪያዎች ሆነው ከሚሠሩ ጥቁሮች እጅ ነው። የ1861ዱ የአሜሪካ ጦርነት ጥጡን ሲያስቆመው ሸለቆው ሁሉ ሥራ ፈትቶ ተርቧል፤ ያን ያህል የተሳሰረ ነበር። ይህ መሸፈን የለበትም፤ ጸሐፊው ስላነሱት አመሰግናለሁ።

ነገር ግን ያቺው ከተማ ያፈራችውን ጆን ፊልደንን ሳይጠቅሱ ማለፋቸው ትልቅ ጉድለት ነው። ፊልደን በ1784 የተወለደ የፋብሪካ ባለቤት ልጅ ነው። አባቱ አሥር ዓመት እንዳለፈው ፋብሪካ አስገብቶ አሠርቶታል፤ የልጅ ጉልበት በረጅም ሰዓት ሲደቅ ምን እንደሚመስል በገላው ያውቀዋል። ሀብታም ሆነ፤ በ1832 ፓርላማ ገባ። እዚያም ከራሱ ጥቅም ጋር ተሟገተ፤ በ1847 የሴቶችንና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ወጣቶችን የሥራ ቀን በ10 ሰዓት የሚገድበውን ሕግ ያሳለፈው እሱ ነው። የ1834ቱ የድሆች ሕግ ሲወጣም ተቃወመው። ያ ሕግ የተቸገረ ሰው እርዳታ ከፈለገ ባልና ሚስት፣ ወላጅና ልጅ እየለየ ድሃ ቤት የሚያስገባ ነበር። በ1838 የቶድሞርደን ሰዎች ሊያስፈጽሙ የመጡትን ሹማምንት ደብድበው አባረሩ፤ ድሃ ቤቱም በአካባቢው ሳይሠራ እስከ 1870ዎቹ ቆየ። ሌላው ሁሉ እጁን ሲሰጥ አርባ ዓመት የቆየ እምቢታ ነው። የፊልደን ሐውልት በመናፈሻው ውስጥ ቆሟል፤ ከጣቢያው በእግር ይደረሳል።

ፋብሪካዎቹ ተዘግተዋል፣ ብዙ ወጣትም ለሥራ ማንቸስተርና ሊድስ ይመላለሳል። ይህን ሞት ለማለት ግን በ1879 የተከፈተው የገበያ አዳራሽ ውስጥ ሐሙስ ዕለት መግባት ያስፈልጋል። ውጭው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ነው፤ ውስጡ ሥጋው፣ አይቡ፣ ኬኩ፣ የጫማ ጠጋኙ። 1952 ላይ የተዘጋው ቦይም በ2002 ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ጀልባ ይሄድበታል። የትምህርቱንም ነገር ልጨምር፤ ነዋሪዋ 15 ሺህ ገደማ የሆነች ከተማ ሁለት የኖቤል ተሸላሚ አውጥታለች፦ ጆን ኮክሮፍት በ1951 በፊዚክስ፣ ጄፍሪ ዊልኪንሰን በ1973 በኬሚስትሪ። ሁለቱንም በዚሁ ከተማ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተማራቸው አንድ መምህር ነው።

የአውራጃው ጉዳይ ቀላል ነው። በዮርክሻየርና በላንክሻየር መካከል ያለው ድንበር ወንዝ በከተማዋ መሐል ያልፍ ነበር፤ በ1888 ድንበሩ ተነስቶ ከተማዋ ሙሉ በሙሉ ወደ ዮርክሻየር ገባች። ከዚያ በፊት በ1875 የተከፈተው የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ግን ወንዙ ላይ ተደላድሎ የተሠራ ነው፤ ውሃው ዛሬም ከሥሩ ያልፋል። ከፊት ለፊቱ አናት ላይ በተቀረጸው ምስል በአንድ ወገን ላንክሻየር ከነጥጧ፣ በሌላው ዮርክሻየር ከነሱፏና እርሻዋ ተቀምጠዋል። ፖስታችን በኦልድሃም ቁጥር ይመጣል፣ ስልካችን የሮችዴል ነው፣ ፖሊሳችን የምዕራብ ዮርክሻየር፣ የክሪኬት ቡድናችን ላንክሻየር ሊግ ይጫወታል። ድንበር ላይ ያደገ ሰው ሁለት ቋንቋ እንደሚያውቀው እነሱም ሁለቱን ያውቃሉ፤ ግራ የተጋባ ሰው አላጋጠመኝም።

ጎመኑ። ጸሐፊው ጣቢያው መድረክ ላይ የቅመማ ቅመም ሣጥን፣ መንገድ ዳር ጎመን አይተው ሕዝቡ የሚበላው አጥቶ ነው ብለዋል። ነገሩ የጀመረው በ2008 ነው። ፓም ዋርኸርስትና ሜሪ ክሊር የተባሉ ሁለት የከተማዋ ሴቶች ጎረቤቶቻቸውን አስተባብረው፣ ባዶ በተጣለ የሕዝብ መሬት ላይ ሁሉ የሚበላ ነገር እንትከል አሉ። ፖሊስ ጣቢያው ደጃፍ በቆሎ ተተከለ፤ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ የመድኃኒት ዕፅዋት። ማንም ይቀጥፋል፣ አይከፈልም። ሥራው «ኢንክሬዲብል ኤዲብል» በሚል ስም ወደ ሌሎች ከተሞችና አገሮች ሁሉ ተዛመተ። እኔ ራሴ ከጤና ጣቢያው ጥግ የጦስኝ ዘመድ የሆነውን ታይም ቀጥፌ ሻይ ውስጥ እከታለሁ። የመጀመሪያ ቀን ስቀጥፍ አንድ ሽማግሌ ሲያዩኝ ደንግጬ እጄን ሰበሰብኩ፤ እሳቸው ግን መቀስ ከኪሳቸው አውጥተው፣ ከሥሩ አትንቀዪው እንዲህ ነው የሚቆረጠው ብለው አሳዩኝ።

የሰዉን ጠባይ በደንብ ያየሁት ግን በ2015 የገና ማግስት ነው። በሸለቆው የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ሳይረን አለ፤ ድምፁ የጦርነት ዘመንን ያስታውሳል። ያን ጠዋት ሲጮህ ምን እንደሆነ አላወቅኩም ነበር። በሬን አንድ የማላውቀው ሰው ደበደበ፤ «ውጪ፣ ወደ ላይ» ብቻ ነው ያለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ቦርሳዬን ተሸክሞ ዳገቱን አወጣኝና ለሌላ ቤት ለመድረስ ሮጠ። ውሃው ሲጎድል ጭቃው ከቤቴ ወለል ላይ ቁርጭምጭሚት ይደርስ ነበር። በነጋታው አካፋና መጥረጊያ የያዙ አምስት ሰዎች ደጄ ቆመው ነበር፤ ማንም ስሜን አልጠየቀኝም፣ ማንም ከየት ነሽ አላለኝም፣ ጠርገው ሲጨርሱ ወደሚቀጥለው ቤት ሄዱ። ጸሐፊው ቅዝቃዜ ያሉትን ዝምታ እኔ የማውቀው እንዲህ ነው።

እኛን የሚመለከት ነገር የለም ለተባለው፦ አለ፣ ለዚያውም የሚያም ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 በእኛ አቆጣጠር መቅደላን ጥሰው የገቡት 33ኛው ክፍለ ጦር ወታደሮች ናቸው። ያ ክፍለ ጦር ከ1782 ጀምሮ በዚህ በምዕራብ ዮርክሻየር ስም ሲጠራ የኖረ ነው። በዚያ ቀን ትልቁን የጀግንነት ሜዳሊያ ያገኙት ሁለቱ፣ ጄምስ በርጊንና ማይክል ማግነር፣ የዚሁ ክፍለ ጦር ናቸው፤ ሁለቱም በትውልድ አየርላንዳውያን። የክፍለ ጦሩ ሙዚየም ከቶድሞርደን በባቡር ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ርቀት ሃሊፋክስ ባንክፊልድ ውስጥ ይገኛል። «አቢሲኒያ» የሚለው ቃል ከጦር ክብሮቹ አንዱ ነው። መጀመሪያ ስገባ ያ ቃል ዓይኔ ላይ ሲወድቅ እግሬ አልንቀሳቀስ አለ። አፄ ቴዎድሮስ ሽጉጣቸውን ያነሱት በእነዚህ ሰዎች ፊት ነው። ይህን አውቆ እዚህ መኖር ቀላል አይደለም፤ ግን ጸሐፊው እንዳሉት ባዶ ቦታ ቢሆን ኖሮ የሚከብደኝም ነገር ባልነበረ። ጥያቄ ያለን እኛ ነን፤ መጥተን ማየትና መጠየቅም ያለብን እኛ ነን።

የሐውልቱን ነገር ለመጨረሻ አቆየሁት። ስቱድሊ ፓይክ ይባላል፤ 400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ኮረብታ ላይ የቆመ 37 ሜትር የድንጋይ ግንብ ነው። የጦርነት ትዕቢት የተባለው በስህተት ነው። በ1814 ናፖሊዮን ሥልጣን ሲለቅ ሰላም ሆነ ብለው ጀመሩት፤ ናፖሊዮን ሲመለስ አቆሙት፤ በ1815 ጦርነቱ ሲያበቃ ጨረሱት። በ1854 ብሪታንያ ወደ ክሪሚያ ጦርነት ልትገባ ስትል፣ የሩሲያ አምባሳደር ለንደንን ለቅቆ በወጣበት ዕለት ሐውልቱ ተደረመሰ። በ1856 ሰላም ሲወርድ መልሰው ገነቡት። ከበሩ በላይ የተጻፈውም ይህንኑ ነው፤ ጀግና አያወድስም፣ ሰላም መቼ እንደመጣና መቼ እንደተመለሰ ነው የሚናገረው።

ጸሐፊው ዳግም ካለፉ በማንኪንሆልስ በኩል ይውጡ፤ ገንዳዎቹን፣ የተነጠፈውን መንገድ፣ ባለ ብዙ መስኮቱን የሸማኔ ቤት በዚያው ያያሉ። ግንቡ ውስጥ 39 ደረጃ አለ፤ መሐሉ ድቅድቅ ጨለማ ስለሆነ የስልክ መብራት ይያዙ። ሰገነቱ ላይ ሲወጡ ነፋሱ ኃይለኛ ነውና ባርኔጣቸውን ይያዙ። ከዚያ ሆነው ባቡሩ ከዋሻው ወጥቶ በሸለቆው ሲያልፍ በጣት የምትገፋ መጫወቻ መስሎ ይታያቸዋል። ከቀኑ አሥር ሰዓት በፊት ከወረዱ እኔ ከሥራ ስለምመለስ ቡና ላፈላላቸው እችላለሁ፤ ታይሙ እዚያው ጥግ ላይ ነው።